ስብን ለማይመጥጥ አንጀት የሚታዘዝ ቫይታሚን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስብን የመምጠጥ ችግር ይዞ የተወለደ ልጅ ወላጆች ከሐኪም ዘንድ ሲወጡ ብዙ ጊዜ በእጃቸው የሚይዙት የቫይታሚን ማዘዣ ነው። ይህን ጊዜ ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። ቫይታሚን ሰው ሲደክመው የሚወስደው ነገር እንጂ የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይመስላቸውምና። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከዚያ ግርታ የሚነሡ ናቸው። የተጠቀሱት መጠኖች የሐኪሙን ማዘዣ ለመረዳት ይጠቅማሉ፤ በራስ ለመጀመር ግን አይሆኑም።

ይህ ችግር አንድ በሽታ ነው?

አይደለም፤ የብዙ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ስብ ከአፍ ተነሥቶ ደም እስኪደርስ ሦስት ኬላዎችን ያልፋል። መጀመሪያ ከቆሽት የሚመጣ ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ቀጥሎ ከጉበት የሚወርደው ሐሞት እንደ ሳሙና ሆኖ በውኃ ውስጥ እንዲበተን ያደርገዋል። በመጨረሻም የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ይቀበሉትና እንደገና አቀናብረው፣ ካይሎማይክሮን በሚባል እጅግ ደቃቅ እሽግ ጠቅልለው፣ በሊምፍ ቧንቧ በኩል ወደ ደም ይልኩታል።

በዘር የሚመጣው ጉድለት ከሦስቱ በአንዱ ላይ ያርፋል። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚዘጋው የመጀመሪያው ኬላ ነው፤ የወፈረ ፈሳሽ የቆሽትን ቧንቧዎች ስለሚደፍን ከታማሚዎቹ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት በቂ ኢንዛይም አያገኙም። ሐሞት በትክክል እንዳይሠራ ወይም ከጉበት እንዳይወርድ የሚያደርጉ የዘር በሽታዎች ሁለተኛውን ይዘጋሉ። ሦስተኛው ላይ ያሉት ደግሞ እጅግ ብርቅ ናቸው፦ አቤታሊፖፕሮቲኔሚያ፣ ከሁለቱም ወላጆች የተወረሰ ሃይፖቤታሊፖፕሮቲኔሚያ፣ እንዲሁም አንደርሰን በሽታ እየተባለ የሚጠራው የካይሎማይክሮን መታገት። በእነዚህ ስቡ ተፈጭቶ፣ ሟሙቶ፣ የአንጀት ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ መውጫ ያጣል። በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ሲታይ ታማሚው ጾሞ አድሮ እንኳ የአንጀቱ ግድግዳ ነጭ አመዳይ የወረደበት ይመስላል።

የጎረቤት ልጅ የሚወስደው ቫይታሚን ለእርስዎ ልጅ የማይሆነውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ የተዘጋው ኬላ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

የሚጎድሉት ለምን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ሆኑ?

እነዚህ አራቱ በስብ ስለሚሟሙ ስቡ ካልገባ አብረው ይቀራሉ። የቢ ቤተሰብ አብዛኛው እና ቫይታሚን ሲ በውኃ ስለሚሟሙ ሌላ መንገድ አላቸው። ይሁን እንጂ ልጁ ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጠው ከቆየ ብረትና ፎሌትም ሊጎድሉ ስለሚችሉ ሐኪሙ አብሮ ቢመረምራቸው አያስገርምም።

የአራቱ ጉድለት መልኩ ይለያያል። ኤ ሲጎድል መጀመሪያ የሚመጣው ዳፍንት ነው፤ ልጁ ሲመሽ ዕቃ እየነካ ይሄዳል። ዲ ሲጎድል አጥንት ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል። ኬ ሲጎድል ደም አይረጋም። የዚህ ቫይታሚን ስም ራሱ የመጣው ከ«ኮአጉላሲዮን» ማለትም ከደም መርጋት ነው፤ ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ለግኝቱ እ.ኤ.አ. የ1943 የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። የኢ ጉድለት ግን ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ለብቻው መልስ ይገባዋል።

ከአራቱ ይበልጥ የሚያሳስበው የትኛው ነው?

በሦስተኛው ኬላ በሽታዎች ያለ ጥርጥር ቫይታሚን ኢ ነው።

ምክንያቱ መጓጓዣ ነው። ቫይታሚን ኤ ከጉበት ሲወጣ በደም ውስጥ የሚሸከመው የራሱ ፕሮቲን አለው። ዲም እንዲሁ፤ በዚያ ላይ በፀሐይ ብርሃን ከቆዳ ይሠራል። ኢ ግን የግል ተሸካሚ የለውም፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስብ በሚሸከሙ እሽጎች ላይ ተሳፍሮ ብቻ ነው። በአቤታሊፖፕሮቲኔሚያ አንጀቱም ጉበቱም እነዚያን እሽጎች መሥራት አይችሉም። በመሆኑም ቫይታሚን ኢ ሁለት ጊዜ ይታገታል፤ ከአንጀት ሲወጣም፣ ከጉበት ሲወጣም።

ጉዳቱ የሚያርፈው በነርቭ፣ የሰውነትን ሚዛን በሚጠብቀው አንጎለ ትንሹ እና በዓይን ሬቲና ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ጉልበት በመዶሻ ሲመታ እግርን የሚያስፈነጥረው ምላሽ ነው፤ ይህን ደግሞ ከሐኪም በቀር ልብ የሚለው የለም። ቀጥሎ እግር መሬት ላይ የት እንዳረፈ የማወቅ ስሜት ይደክማል፣ አካሄድ ይዛባል፣ ንግግር ይጎተታል፣ የማየት አድማስ ይጠብባል። ባሰን እና ኮርንዝዋይግ የተባሉት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1950 አቤታሊፖፕሮቲኔሚያን ሲገልጹ ያዩት ይህንኑ ነበር፦ የደከመ ዓይን፣ የተዛባ አካሄድ፣ እሾህ ያበቀሉ የሚመስሉ ቀይ የደም ሴሎች። የነርቩ ጉዳት ከቫይታሚን ኢ እጦት የሚመጣ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከፍተኛ መጠን መስጠት ሲጀመር የበሽታው ታሪክ ተለወጠ። በሽታውን ያመጣው ስብን በእሽጎቹ ላይ የሚጭነው፣ ኤምቲፒ የተባለው ፕሮቲን መጥፋቱ የተረጋገጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ማለትም ሕክምናው ከማብራሪያው ቀድሞ ደርሷል።

የታዘዘው መጠን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆን?

ይህ ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ እንቅልፍ ይነሣል። መጠራጠራችሁ ተገቢ ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትቀንሱ።

ለአቤታሊፖፕሮቲኔሚያ በተለምዶ የሚሰጠው ቫይታሚን ኢ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ክብደት በቀን ከ100 እስከ 300 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። 20 ኪሎግራም የሚመዝን ልጅ በቀን ከ2,000 እስከ 6,000 ዩኒት ይወስዳል ማለት ነው። ጤናማ አዋቂ የሚያስፈልገው በቀን 15 ሚሊግራም፣ ማለትም 22 ዩኒት ገደማ ብቻ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ቁጥር ያስደነግጣል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። ዋናው በር ስለተዘጋ የምናደርገው በጠባቧ ቀዳዳ የምታልፈዋን ጠብታ ለማብዛት በላይዋ ብዙ ማፍሰስ ነው።

ለቀሩት ሦስቱ የተለመደው መጠን የዋህ ነው፦ ቫይታሚን ኤ ለኪሎግራም በቀን ከ100 እስከ 400 ዩኒት፣ ዲ በቀን ከ800 እስከ 1,200 ዩኒት፣ ኬ በሳምንት ከ5 እስከ 35 ሚሊግራም። በካይሎማይክሮን መታገት ጉበት የራሱን እሽግ መላክ ስለሚችል የኢ መጠን ያነሰ ይሆናል፤ ለኪሎግራም 50 ዩኒት አካባቢ። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ ይበቃል። አንዱን ቁጥር ከሌላው በሽታ ጋር ማምታታት ከባድ ስሕተት ነው።

ለዓመታት ወስዶም የደም ምርመራው ቫይታሚን ኢ ዝቅተኛ ነው ይላል። መድኃኒቱ አልሠራም?

ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ተሸካሚ እሽግ በሌለበት ደም ውስጥ ኢ ከፍ ብሎ ሊታይ አይችልም፤ ስለዚህ በአቤታሊፖፕሮቲኔሚያ ውጤቱ ዕድሜ ልክ ከጤናማው ወሰን በታች ሊቀር ይችላል። ሐኪሞች ይልቅ የሚመለከቱት ነርቩንና ዓይኑን ነው፦ ምላሾቹ አሉ? አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው? ሬቲናው አልተለወጠም? እነዚህ ከያዙ ሕክምናው እየያዘ ነው።

ቁጥሩ አላድግ አለ ብሎ መድኃኒቱን መተው በዚህ በሽታ ሊሠራ ከሚችለው ስሕተት ሁሉ የከፋው ነው። በሁለተኛው ኬላ በሽታዎች ደግሞ የተገላቢጦሽ ወጥመድ አለ። ሐሞት ሲታገት የደም ስብ ከፍ ስለሚል ኢ በቂ ያለ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ከደሙ ስብ ጋር ተነጻጽሮ መለካት አለበት።

በውኃ እንዲቀላቀል የተሠራው ቫይታሚን አይሻልም?

ለማን እንደሆነ ይወሰናል። ሐሞት ለሚጎድለው ሰው በጣም ይሻላል። ቶኮፈርሶላን የተባለው የቫይታሚን ኢ ዓይነት ያለ ሐሞት እርዳታ በራሱ በውኃ ስለሚበተን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ታማሚዎችም በውኃ የሚቀላቀል ድብልቅ ቫይታሚን ብዙ ጊዜ ይታዘዝላቸዋል። በአቤታሊፖፕሮቲኔሚያ ግን የጎደለው መበተኛ ሳይሆን መጠቅለያ ነው፤ ስለሆነም ከተራው ዓይነት የጎላ ብልጫ አይጠበቅበትም። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ብቻ የተሻለ መስሎ የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ገንዘብ ያድናል።

ከምግብ ጋር ወይስ በባዶ ሆድ?

ከምግብ ጋር። የቆሽት ኢንዛይም የሚወስድ ሰው ቫይታሚኑን ኢንዛይሙን ከሚወስድበት፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር አብሮ ይዋጥ፤ አለበለዚያ ቫይታሚኑ ሳይነካ ያልፋል። ከፍተኛ የኢ መጠን ሆድ የሚያሳምም ከሆነ በቀን ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ መከፋፈል ይረዳል።

ስብ ፈጽሞ መተው አለበት?

እዚህ ላይ ሲስቲክ ፋይብሮሲስና የሦስተኛው ኬላ በሽታዎች ተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ልጅ ስብ ይብላ፤ ከምግቡ ጉልበት ከ35 እስከ 40 በመቶው ከስብ ቢመጣ ይመከራል፣ ኢንዛይሙን እስከወሰደ ድረስ። ሕመሙን ተቅማጥ ብቻ አድርጎ ያየ ሰው ስብ ቢከለክለው ልጁ ይከሳል፣ ሳንባውም ይደክማል።

የሦስተኛው ኬላ ታማሚ ግን ስብ ሲቀንስ ትውከቱና ተቅማጡ ቶሎ ይሻለዋል። ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ጉልበት ከ30 በመቶ በታች፣ ለአንዳንዱም ከዚያ እጅግ ባነሰ ደረጃ ይወሰናል። ፈጽሞ መተው ግን አይቻልም፤ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው የስብ አሲዶች አሉና። ልጁ ከቻለው በቀን እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ የአትክልት ዘይት የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

መካከለኛ ሰንሰለት ያለው ዘይት የሚባለውም ይጠየቃል። ይህ ዓይነቱ ስብ ካይሎማይክሮን ሳያስፈልገው በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ጉልበት ይሰጣል። ሆኖም ቫይታሚኖቹን ይዞ አይገባም፤ በአቤታሊፖፕሮቲኔሚያም ከጉበት ጠባሳ ጋር ተያይዞ ስለተዘገበ ያለ ሐኪም ክትትል አይሞከርም።

ፀሐይ መሞቅ የቫይታሚን ዲን ማዘዣ ይተካል?

ይረዳል። ከቆዳ የሚሠራው ዲ አንጀትን ጭራሽ አያይም፤ ከአራቱ ለዲ ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው። ነገር ግን መጠኑን ማንም ሊለካው ስለማይችል ማዘዣውን አይተካም። በቂ መሆኑ የሚታወቀው 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ በተባለው የደም ምርመራ ነው፤ በሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚፈለገው ቢያንስ በሚሊሊትር 30 ናኖግራም ነው።

ቫይታሚን ስለሆነ ቢበዛ ምን ይጎዳል?

ኤ ይጎዳል። በስብ የሚሟሙ ቫይታሚኖች በሽንት አይወጡም፤ ኤ ጉበት ውስጥ ይከማችና ጉበቱን ያቆስላል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ አድርጎ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ያመጣል። ዲ ሲበዛ ካልሲየም ከፍ ይልና ኩላሊት ይጎዳል። ኢ በአንጻሩ ቻይ ነው፤ ዋናው ጉዳቱ ከኬ ጋር መጣላቱ ነው። ብዙ ኢ የሚወስድ ሰው ኬ ከጎደለው መድማት ይቀናዋል፤ ሁለቱ አብረው የሚታዘዙበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ አዲሶቹን፣ በበሽታው የተበላሸውን ሲኤፍቲአር የተባለ ፕሮቲን የሚያግዙ መድኃኒቶች የጀመረ ሰው ልብ ይበል። አንጀቱ ይበልጥ መምጠጥ ሲጀምር ትናንት ልክ የነበረው የቫይታሚን ኤ መጠን ዛሬ ሊበዛ ይችላል፤ እንደገና መለካት አለበት።

አረገዝኩ። ቫይታሚን ኤውን ልተው?

አይተዉ፤ ሐኪምዎን ግን ዛሬውኑ ያነጋግሩ፤ ቢቻልስ ከማርገዝዎ በፊት። ኤ ሲበዛ ጽንሱን ያበላሻል፣ ሲጎድልም ይጎዳዋል። በአቤታሊፖፕሮቲኔሚያ የተለመደው ምክር መጠኑን በግማሽ ቀንሶ እስከ ወሊድ በደም ምርመራ መከታተል ነው። ኢ እና ኬ ይቀጥላሉ።

ማዘዣው በዩኒት፣ ጠርሙሱ በሚሊግራም ነው። እንዴት ይመዛዘናል?

ስሕተት በብዛት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ 40 ዩኒት ነው። 1 ዩኒት ቫይታሚን ኤ 0.3 ማይክሮግራም ሬቲኖል ነው። 1 ሚሊግራም የተፈጥሮ ቫይታሚን ኢ 1.5 ዩኒት ያህል ነው። ጠርሙሱ ላይ «ዲ-አልፋ» የሚለው የተፈጥሮው፣ «ዲኤል-አልፋ» የሚለው በፋብሪካ የተቀመመው ሲሆን የኋለኛው በሚሊግራም ሲለካ ኃይሉ ያንሳል። የምርት ስሙ በተለወጠ ቁጥር ስሌቱን የመድኃኒት ባለሙያ ደግሞ ይይልዎ። ጠብታ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ጠርሙስ ጠብታ ከሌላው ጠብታ ጋር እኩል አይደለም።

አብረው መወሰድ የሌለባቸው መድኃኒቶች አሉ?

አሉ። ለክብደት መቀነሻ የሚሰጠው ኦርሊስታት፣ ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚሰጠው ኮሌስታይራሚን፣ ለድርቀት የሚጠጣ የፓራፊን ዘይት ሁሉም እነዚህኑ ቫይታሚኖች ይዘው ይወጣሉ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የኬ ወይም የኢ መጠኑን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንካ። ረዘም ላለ ጊዜ የተወሰደ አንቲባዮቲክም የኬን ክምችት ያመናምናል።

በየስንት ጊዜው መመርመር ያስፈልጋል?

ሲረጋጋ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፤ መጠን ሲለወጥ ወይም ልጅ በፍጥነት ሲያድግ ቶሎ ቶሎ። የቫይታሚኖቹ ልክ፣ የደም መርጊያ ጊዜ፣ የጉበት ምርመራ፣ የዓይንና የነርቭ ሐኪም፣ አልፎ አልፎም የአጥንት ጥንካሬ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ልጁ ትኩሳት ይዞት ሳለ ቫይታሚን ኤን አታስለኩ። በኢንፌክሽን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ኤ በራሱ ጊዜ ይወርዳልና ውጤቱ ያሳስታል።

ችግሩ የታወቀብኝ አዋቂ ከሆንኩ በኋላ ነው። ዘግይቻለሁ?

የጠፋው ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ዳፍንትና የመድማት ችግር ቶሎ ይሻሻላሉ፤ የተጎዳ ነርቭና ሬቲና ግን ይቸገራሉ። ቢሆንም መድኃኒቱ በማንኛውም ዕድሜ ሲጀመር የቀረውን ይጠብቃል፤ አንዳንዶችም አካሄዳቸው መጠነኛ መሻሻል ያሳያል። በሕፃንነቱ የጀመረና ያላቋረጠ ሰው ደግሞ ያለ ጉልህ ጉዳት አዋቂነት ሊደርስ ይችላል።

እኅትና ወንድሞቹ ይመርመሩ?

አዎን፣ ምልክት ባይኖራቸውም። አብዛኞቹ እነዚህ በሽታዎች ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ የሚታዩ ናቸውና እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ዕድል አለው። ለሦስተኛው ኬላ መነሻው ማንኛውም ላቦራቶሪ የሚሠራው የኮሌስትሮል ምርመራ ነው፤ በአቤታሊፖፕሮቲኔሚያ ኤልዲኤል የሚባለው የኮሌስትሮል ዓይነት ፈጽሞ አይገኝም ማለት ይቻላል። ወላጆቹም ቢመረመሩ ይጠቅማል። የእነርሱም ኮሌስትሮል ዝቅ ካለ ነገሩ ወደ ሃይፖቤታሊፖፕሮቲኔሚያ ያዘነብላል፤ ጤናማ ከሆነ ወደ አቤታሊፖፕሮቲኔሚያ።

ሳልጠብቅ ሐኪም ጋ የምሮጠው መቼ ነው?

የማይቆም ነስር፣ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ዓይነ ምድር፣ ሳይመታ የሚበልዝ ቆዳ፣ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ሲመጣ። ጥርስ ከመነቀሉ ወይም ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊትም በሽታውን አስቀድመው ይንገሩ፤ የደም መርጊያው ተለክቶ ኬ በመርፌ ሊሰጥ ይችላል።

አንድ ቀን ብንረሳስ?

ምንም አይሆንም። በማግሥቱ የተለመደውን ይስጡ፤ እጥፍ አያድርጉ። ሳምንታት ካለፉ ግን ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ አለበለዚያ የወረደውን የደም ውጤት አይቶ መጠኑን በከንቱ ከፍ ያደርገዋል።